ስንቅና ሲንክ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 4፡40

ከአማኑኤል መንገድ አሁን ገባሁ። ስሄድ ንፋሱ ፊት ለፊት። ስመለስም ፊት ለፊት። እንዴት እንደሚያደርገው እሱ ያውቃል። በአንድ እጄ በሶ እየበጠበጥኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ፤ ቢንጠባጠብብሽ ይቅርታ።

ሳይክሌ ላይ ታስራ ጉዞዬን የምትመዘግበው ጂፒኤሷ ዛሬም ሳተላይት እፈልጋለሁ ብላ ሩብ ሰዓት በር ላይ አቆመችኝ። የጤፍ ነዶ የጫኑ አህዮች አልፈውኝ ሄዱ፣ አራግፈው ተመለሱ፣ እኔ እዚያው።

ያልነገርኩሽ አለ። የአዲስ አበባው ክለብ ከክፍለ ሀገር ሁለት ሴት ብስክሌተኞች ይወስዳል። እዚያ ድረስ ሄዶ መፈተን የለም። አሠልጣኟ እስከ ኅዳር 28 ዐሥራ ሁለት ጉዞ መዝግባችሁ በክለቡ የኢንተርኔት ዝርዝር ላይ ላኩ ብላለች። ዕድሜ እስከ 22። እኔ 22 ነኝ። ለከርሞ የሚባል ነገር የለም።

ጂፒኤሷ የትዕግሥት ነበረች። ጉልበቷ እስኪጎዳ አብረን የነዳን ጓደኛዬ፣ አሁን ባሕር ዳር ነች። ውስጧ ያለውን ሁሉ አጥፍታ፣ እንደ አዲስ አድርጋ ሰጠችኝ። አንድ ጉድለት ብቻ አላት፦ የገመዱ መሰኪያ በክረምት ዝናብ ዝጓል። ቻርጅ ይቀበላል፣ ፋይል ግን አያሳልፍም። ስለዚህ የቀረኝ በአየር መላክ ነው። ሲንክ ማድረግ ይሉታል። ሦስት መንገድ አላት። አንዱ ከደረቴ ቀበቶ የልብ ምት ብቻ ነው የሚሰማው፣ ለመላክ አይሆንም። ዋይፋይና ብሉቱዝ ቀሩ።

የኔታ በጣም ይወዷታል። አባቴን እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው፤ ከእነሱ ጋር አድጌ ለመድኩት። መሪጌታ ናቸው፣ የሚያስተምሩት ባሕረ ሐሳብ ነው፣ የዘመን ቆጠራ። ባለፈው ሳምንት ገና እንደመጣች መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩአትና ቀኗም ሰዓቷም ስሕተት ነው አሉ። ስሕተት ቀን በቤታቸው አያሳድሩም። ሰዓቱን ከሳተላይት ውሰድ የሚለውን አጠፋሁና እሳቸው እየነገሩኝ በእጄ ሞላሁት። ረክተው ወጡ።

እስካሁን አራት ጉዞ። ስምንት ይቀራል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 9፡15

ማተሚያ ቤት ነኝ። ከሰዓት በኋላ የምሠራው እዚህ ነው። የሠርግ ጥሪ ወረቀት እያጠፍኩ ከጠረጴዛ ሥር ጂፒኤሷን በዋይፋይ እሞክራለሁ። አየችው። የይለፍ ቃሉን ተቀበለች። ተገናኝቻለሁ አለች። ከዚያ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሲንክ አልተሳካም።

አራት ጊዜ። ወንበሬን ከዋይፋዩ ሥር ወስጄ ሞከርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ከስልኬም ዋይፋይ አወጣሁላት፣ ያው። በሩ ድረስ ደርሳ የማትገባ እንግዳ ሆነችብኝ።

የጥሪ ወረቀቶቹን በግራ በኩል አጥፌአቸዋለሁ፣ ስልሳውን። መልሼ ላጥፍ።

ያው ቀን። ከምሽቱ 1፡00

እራት ላይ ሲንኩ አልደርስ አለኝ ብዬ ለየኔታ አማረርኩ። እሳቸው ስንቁ ነው የሰሙት። ተነሡ፣ ጓዳ ገቡ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዘው መጡ። «በማን እጅ ልከሽው ነው ያልደረሰው?» አሉኝ። እንጀራው ከእጄ እስኪወድቅ ሳቅሁ። ካስረዳኋቸው በኋላ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። ልክ ነው የሰማሁት አሉ፤ ከመንገደኛ ቀድሞ የሚላክ ነገር ስንቅ ካልሆነ ምን ይባላል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ሲጫወቱ ብዙ አላየሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 6፡30

ሄደ። ሄደ። ሄደ።

በብሉቱዝ። መጀመሪያ ስልኬ ሞልቻለሁ ብሎ መተግበሪያውን እንቢ አለ። የሦስት ሠርግ ፎቶ አጠፋሁ፣ ሙሽሮቹ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ ጂፒኤሷ ስድስት ቁጥር አሳየች፣ ስልኩ ላይ ጻፍኩ፣ ተዋወቁ። ሰባት ጉዞ አንድ በአንድ ወጣ፣ ከእያንዳንዱ ፊት አረንጓዴ ምልክት። ከፍቼ አየኋቸው። የሰኞው እንኳ በትክክል 8/3/2018፣ 1፡05 ይላል። ቀን ሳይቀር ልክ ነው። የኔታን አሳየኋቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለአሠልጣኟ ልኬያለሁ ብዬ ጻፍኩ። መጣደፌ እንዳይታወቅብኝ አራት ነጥቡን ሳይቀር በደንብ አድርጌ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከረፋዱ 5፡00

ጾሙ ትናንት ገባ። በሶና ሽሮ እየበላሁ ዳገት።

አሠልጣኟ መለሰች። ያንቺ ምንም አልደረሰኝም፣ በዚህ ወር ዝርዝር ላይ ስምሽ የለም።

ስልኬ ላይ ሁሉም አረንጓዴ። ኔትወርክ ይሆናል። እንደገና ላክሁ። ቀድሞ ተልኳል ይለኛል። ስለዚህ ሄዷል። ስለዚህ የት ነው? ብትመልሽልኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አንቺ ግን ወረቀት ነሽ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ከቀኑ 8፡00

መጻፍ አልፈልግም። እጽፋለሁ።

አሠልጣኟ አገኘችው። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ሥር። የዛሬ ሰባት ዓመት የተነዳ ነው አለችኝ፣ ያውም ሁሉም ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ጂፒኤስሽ አሮጌ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቷን ጉዞ በስምሽ ልከሽ እንዳይሆን፣ የሌላ ሰው ጉዞ የሚልክ ሰው ደግሞ ከዝርዝሩ ይወጣል። በትሕትና ነው የጻፈችው። ትሕትናው ነው የጎዳኝ።

የዛሬ ሰባት ዓመት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሳይክል ላይ መውጣት እንጂ መውረድ አላውቅም ነበር።

ትዕግሥት ጋ ደወልኩ። ያንቺ አሮጌ ፋይል ነው ያዋረደኝ አልኳት። ሁሉንም አጥፍቻለሁ አለች። አላጠፋሽም አልኩ። እኔ ሌሊት ነድቼ አላውቅም፣ ታውቂያለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጨለማ ትፈራለች። ስልኩን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ከጉዳት በኋላ የምትወዳትን ዕቃ ሳትሰስት በሰጠችኝ ሰው ላይ።

ዛሬ አልነዳሁም። አፍሬያለሁ፣ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ ሳላውቅ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ከጠዋቱ 3፡20

ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

የኔታ ለምን እንዳልወጣሁ ጠየቁ። መልእክቱን አነበብኩላቸው። ሰባት ዓመት የሚለው ላይ እጃቸውን አነሡ። ድገሚው አሉ። ደገምኩ። በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የምትለው? በ2018 አልኩ። ማን አቆጣጠር? አሉ።

ጂፒኤሷን አነሣሁ።

ከዚያ የጣታቸውን አንጓ መቁጠር ጀመሩ። እኛ 2018 ስንል ፈረንጆቹ 2025 ላይ ናቸው፤ የእነሱ 2018 ካለፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ሦስተኛ ወር ለእኛ ኅዳር ነው፣ ለእነሱ ማርች። 1፡05 ለእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ እነሱ ሲያነቡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በእኛ ከሌሊቱ ሰባት። 8/3/2018 ለእኛ ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላው ነው፣ ለአሠልጣኟ ጥንት።

ቀኑን ያስተካከልነው እኛ ነን። እኔና እሳቸው፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አርባ ዓመት ሰው የማስተምረው ይህንኑ ነው ልጄ» አሉ። «ሁለት ሐሳብ፣ ሁለት ቆጠራ፣ በአንድ መዝገብ አይጻፍም እያልኩ።» ድምፃቸው ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ አላጠፉም፣ የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ። አልሰሙኝም።

ትዕግሥት ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እስኪያስላት ሳቀች። ዋይፋዩም ለዚህ ነው እንቢ ያለሽ አለችኝ፤ ቀኗ የተሳሳተ መሣሪያ መታወቂያው ጊዜው እንዳለፈበት ሰው ናት፣ በሩ ላይ ይመልሷታል። ሳተላይት ለማግኘት የምትዘገየውም ሰማዩን በተሳሳተ ቀን ስለምትፈልገው ነው አለች። ሰዓቱን ከሳተላይት ውሰድ የሚለውን መልሼ አበራሁ። በደቂቃ ውስጥ 29/11/2025 አለች።

ያው ቀን። ከቀኑ 7፡00

የኔታ ሳልጠይቃቸው ብራናቸውን የሚጽፉበትን ቀለም አወጡ። በቀይና በጥቁር ሠንጠረዥ ሠሩ፤ ዘጠኙ ጉዞ በሙሉ፣ በግራ በእኛ፣ በቀኝ በእነሱ፣ ሰዓቱ ሳይቀር። ከሥሩ ስሕተቱ የልጄ ሳይሆን የእኔ የመምህሯ ነው ብለው ፈረሙ። ያንን መስመር ተዉት ብል እንቢ አሉ። ፎቶ አንስቼ ለአሠልጣኟ ላክሁ።

አሁን መጠበቅ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ከቀኑ 8፡40

መለሰች። ስታየው ብቻዋን እንደሳቀች፣ ወረቀቱን ለባልደረቦቿ ሁሉ እንዳሳየች ጻፈች። የኔታንም ከአክብሮት ጋር ሰላም በይልኝ አለች። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ አሮጌ ቀን ያለውን መቁጠር አትችልም። ቀኑ በትክክል የወጣ አምስት ጉዞ እስከ 28 ካየች፣ አንዱ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ዳገት ከሆነ፣ ከሌሎቹ እኩል ታየኛለች።

አምስት በሰባት ቀን። ይቻላል።

የዛሬው ቀድሞ ሄዷል። ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳይክሌን ሳቆም ጂፒኤሷ ዋይፋዩን ራሷ አግኝታ፣ እኔ ሳልነካት፣ ጢን አለች። ተልኳል። ታውቂያለሽ፣ አንዴ የሰው ስም ጠርተሽ ወዲያው አቤት ሲልሽ? እንደዚያ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ከረፋዱ 5፡10

ሦስት። ትናንት ጎማዬ ፈነዳ፣ ሳይክሉን ተሸክሜ ገባሁ፣ ያ አይቆጠርም። ዛሬ ጥሩ። ጉልበቴ ጥሩ። ሐሞቴ ጥሩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። ከቀኑ 8፡00

አምስተኛው። የሦስት ሰዓቱ። ዳገቱ መሀል ላይ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጎዳኝ ግን አላቆምኩም። ነዶ የሚከምሩ ሰዎች አይዞሽ አሉኝ። አንዷ ሴትዮ ማን እያሳደደሽ ነው አለች።

ገባሁ፤ መብራት የለም። ማተሚያ ቤቱ ዝግ፣ ዋይፋይ የለም። ስለዚህ ብሉቱዝና የስልኬ ኔትወርክ። አንድ መስመር ኔትወርክ። ስልኬ ዘጠኝ ከመቶ ባትሪ። በግቢው አጥር ድንጋይ ላይ ቆምኩ፣ እዚያ ነው ኔትወርኩ የሚሻለው። የኔታ ከሥር ቆመው ያዩኛል። ዐሥር ከመቶ ተልኳል። ሠላሳ። ሠላሳ። ሠላሳ። ስልሳ ሦስት።

«ስንቁ የት ደረሰ?» አሉ።

ዓባይን ተሻግሯል አልኳቸው።

ተልኳል። ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ጂፒኤሷን አንስተው ቀኗን አዩ፣ 6/12/2025። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ በልባቸው አመሳከሩት። መልሰው አስቀመጡአት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። ከቀኑ 10፡30

ተመረጥኩ። ሁለት ጊዜ ልጻፍልሽ፣ ተመረጥኩ። በ15/12 በሦስት ሰዓት ተገኚ ይላል።

ሮጬ ለየኔታ ነገርኳቸው። ቀኑን ጠየቁ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ሁለተኛ ወር አልኩ። ዐሥራ ሁለተኛው ወር ነሐሴ ነው አሉ፣ እንግዲያው እስከ ነሐሴ እዚሁ ነሽ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር።

እንደሚያውቁት አውቃለሁ። ከእኔ በፊት ነው በልባቸው የቆጠሩት፤ ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ። ሰዓቱንም ለአሠልጣኟ ጽፌ ጠየቅሁ፣ የጠዋት ሦስት ነው፣ በእኛ።

እሑድ እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እደውልላቸዋለሁ፣ የነዳሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በእኛ ቀን ይመዝግቡልኝ። ጂፒኤሷ በእነሱ ቀን ትሂድ፣ አንቺ በእኛው ትሄጃለሽ፣ በአንድ ቦርሳ።

አሁን ጓዳ ናቸው። የበሶው ጣሳ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ለስንት ቀን የሚሆን ስንቅ ልቋጥር ብለው ጠየቁኝ።

እስከ ነሐሴ 15 አልኳቸው።