ሚዛን ላይ ከዋሲላ ጋር

ልጄ አበረ፣ ባሕር ማዶም ቢሆን የሚያጎርስህ ደግ ሰው አያሳጣህ። ላማችን ወልዳለች፤ ቅቤውን ለፋሲካ እያጠራቀምኩ ነው።

እኔን ሳል፣ ጎረቤቴን ዋሲላን ጉልበቷ ቢያስቸግረን ዳንግላ ክሊኒክ ሄድን። ድሬሰሩ ሁለታችንንም መዘነን። እሷን «ወፍረዋል፣ ይቀንሱ» አላት። እኔን ደግሞ «ከስተዋል፣ ወተትና እንቁላል ይብሉ» አለኝ፤ ያውም በሁዳዴ! «ለሚዛንህ ብዬ ጾሜን አልገድፍም፤ ከፋሲካ ወዲያ ናና ከቤቴ አብረን እንብላ» አልኩት። ዋሲላም ጎትታ ሚዛኑ ላይ አወጣችኝና «በል፣ አንድ ላይ መዝነንና ለሁለት ክፈለው፤ ልክ ይመጣል!» አለችው።

አሁንም እየጾምኩ ነው፤ መድኃኒት እንዳትልክልኝ። ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

ብቻ በላክኸው ፎቶ አንገትህ ቀጥኖብኛል። አደራህን፣ እዚያ ሚዛን አይጠፋምና ተመዘንና ስንት እንደሆንክ ጻፍልኝ።

እናትህ ይታይሽ