የኬማር ካርድ

ለምወድሽ እህቴ ለኤርሚን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱስ ተሻለሽ? ባልሽ ዊንስተን የሌሊት ሥራውን ተወ ወይስ አሁንም ቀን እየተኛ ነው? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። የባለቤቴ የቬልዳ ደም ግፊት ወርዶላታል። የጓሮው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ልጅሽ ኬማር ከሳሎን ስለማይጠፋ ነው። የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

የክለባችን የክሪኬት ዱላና ጓንት አልቆ ስለነበር እናንተ አገር ካለ ሱቅ በኢንተርኔት ልናዝዝ ተስማማን። እኔ አንቺ ገዝተሽ እንድትልኪልን አስቤ ነበር። ኬማር ግን እማዬን ምን አስቸገራት፣ እኔ የምሠራበት ባንክ ካርድ አለልህ፣ እሱን ውሰድ አለኝ። ተጨማሪ ወጪ አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሱቁ ዋጋውን በባርባዶስ ዶላር እንዲያሳየኝ ካደረግሁ ያየሁትን ብቻ እንደምከፍል ነገረኝ። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በእጄ ያደገ ልጅ ነው፤ ለምን አላምነውም?

የሲልማን መጠጥ ቤት ደንብ አልረሳሽውም። እዚያ በሰው ፊት የተጠራ ዋጋ አለቀ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨምሩ አይባልም። እኔም ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ጠራሁ፣ ሁሉም ድርሻውን አወጣ።

ዕቃው ደረሰ። ወሩ ሲያልቅ ባንኩ ከጠራሁት በላይ ቆርጦ አገኘሁት። ሄጄ ብጠይቅ፣ ሱቁ ወደ እኛ ዶላር ሲመነዝር ትርፉን ይዟል፤ ባንኩ ደግሞ ሻጩ ውጭ አገር ነው ብሎ የራሱን ወስዷል። በእኛ ገንዘብ መክፈሌ ከምንም አላዳነኝም። ከኪሴ ልሸፍነው ብል አልቻልኩም፤ ደንቡን ጥሼ ልዩነቱን እንዲያዋጡ ጠየቅሁ።

ኦስሪክ፣ ያ ወፍራሙ የቡድናችን አምበል፣ «ጓንቶቹ አውሮፕላን ላይ ምሳ በልተዋል እንዴ?» ሲል ቤቱ ሙሉ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ቅዳሜ ግን ሜዳ ላይ፣ እንደ ወትሮዬ ነጥብ መዝግቤ ውጤቱን ስናገር፣ «ኤልሪጅ፣ ከነኮሚሽኑ ነው?» አለኝ። ያኔ አልሳቅሁም። በተከታዩ ሳምንት ስደርስ በመዝጋቢው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። የተጣላኝ የለም። ቀና ብሎ ያየኝም የለም።

እስከዚያ ድረስ ኬማር አላወቀም ነበር እያልኩ ለራሴ እነግር ነበር። ባለፈው እሁድ ስትደውዪ ለኬማር ስለገዛሽለት ሰማያዊ ጫማ አነሳሽ። ልጁ ካርዱ ውጭ አገር ሱቅ ሲገባ ይናከሳል፣ ተጨማሪ ይቆርጣል እያለ ሁልጊዜ አንቺን እንደሚያስገዛሽ እየሳቅሽ ነገርሽኝ። ስልኩን ለቬልዳ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እራት ላይ ጠየቅሁት። አልካደም። ባንኩ በየወሩ ለደንበኛ እንዲያስወስድ የሚጠብቅበት የካርድ ብዛት እንዳለ፣ በዚያ ወር አንድ ጎድሎት እንደነበር ነገረኝ።

«አጎቴ፣ ብነግርህ ኖሮ ትወስደው ነበር?»

አልወስደውም አልኩት።

«እንግዲያው» አለና መብላቱን ቀጠለ።

ገንዘቡን ክፈል አላልኩትም። የለመንኩት ሲልማ ዘንድ መጥቶ በሰው ፊት እውነቱን እንዲናገር ብቻ ነው። ባንኩ ከሰማ ያባርረኛል አለ። እውነቱን ይሆናል። ስለዚህ በላ የተባልኩት እኔ፣ በላ እንደተባልኩ እቀራለሁ።

ተቆጪው ብዬ አይደለም። ጫማም አትግዢለት አልልም። የመንደሩ ሰው ስልክ ሳይቀድመኝ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው።

ዊንስተንን ሰላም በይልኝ፤ ሌሊት ሲወጣ ልብስ ይደርብ። ትልቋን ጆሴታን ለፈተናዋ በርቺ በያት። ትንሹን ሳሚልኝ፤ የላከው ሥዕል ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ቬልዳ ትስምሻለች። ኬማር ስጽፍ አይቶኝ፣ ለእማዬ ሰላም በልልኝ ብሏል። እንዳለው ጽፌልሻለሁ።

ወንድምሽ ኤልሪጅ
ሴንት ፊሊፕ፣ ባርባዶስ
ኦገስት 14 ቀን 2019