ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚሄደው ግልባጭ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለወይዘሮ እንግዳወርቅ፤ ደሴ።

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ እንደምን ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጉልበትሽ ከደረጃው ጋር ታረቀ ወይ? ዓይንሽስ ከታከምሽ ወዲህ ፊደል ይለይልሻል ወይስ ይህንንም የምታነብልሽ ልጅሽ ሰሊና ናት? ባለቤትሽን አቶ መርዕድን ያ የክረምት ሳል ተዋቸው? ጦሳ ተራራ ላይ የሚተኛው ጉም ዛሬም እስከ ረፋድ አይነሳም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመት የሚያመጣውን አመጣብኝ እንጂ ሌላ የጨመረብኝ የለም። በመስኮቴ ፊት ያለው ዛፍ ቅጠሉን ሞልቶ ቤቴን ሁሉ አረንጓዴ ጥላ አልብሶታል፤ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ የምኖር ይመስለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምውል በስልክ ጠይቀሽኝ፣ ተማሪ ቤት ብልሽ እስኪያስልሽ ሳቅሽብኝ። እውነቴን ነበር። እዚህ አገር አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ አንድ ጀማሪዎች እንሰበሰባለን። የምንማረው ፎቷችን፣ ድምፃችንና ደብዳቤያችን አይተነው በማናውቀው ኩባንያ ዘንድ ከሚከማች፣ በገዛ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር እንዲያድር ማድረግን ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አሠራሩን ሳይደብቁ ለዓለም ክፍት አድርገው ትተውታል፤ የፈለገ ወስዶ ይጭነዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። አንድ ሊቅ የደከመበትን መጽሐፍ ደጁ ለመጣ ገልባጭ ሁሉ እንደሚያውስ ያለ ነገር ነው፤ እኔንም የሳበኝ ይኸው ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ መሐል ከተማ ባቡር ለውጬ የፖቶማክን ወንዝ ስሻገር እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ወንዙ ጉም የለበሰ ዕለት ድልድዩ አይታይም፤ ባቡሩ በአየር ላይ የሚሄድ ይመስላል። በዚያች ሸለብታ ውስጥ ሁልጊዜ ወደ ሠራሁበት ማተሚያ ቤት እመለሳለሁ። ፊደሎቹ ከሳጥናቸው እየወጡ በውሃው ላይ ይሰለፋሉ፤ እኔም ሠላሳ ዓመት እንዳደረግሁት ቀይ ብዕሬን ይዤ አርማቸዋለሁ።

አስተማሪያችን መሰረት ትባላለች፤ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ትሠራለች። ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ ጋሼ፣ እኔ ሳስረዳ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ እነዚህ እናቶች ቤታቸው ገብተው ኢንስቶል ሲያደርጉ ግራ ይገባቸዋል፣ እርስዎ በአማርኛ ይጻፉልን አለችኝ። ጻፍሁ። አራት ገጽ፣ አንዲት ፊደል ያልተሳተባት መመሪያ። አልደብቅሽም፣ ኮራሁባት። መሰረት ደግሞ አንድ ሥርዓት አወጣች፤ ቤት ሊቃጠል፣ ዕቃ ሊሰበር ይችላልና፣ እያንዳንዱ ተማሪ የሌላውን ግልባጭ በቤቱ በአደራ እንዲያኖር። ኮምፒውተሮቹ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ራሳቸው እየተላላኩ ግልባጩን ያደርሳሉ፤ ይህንንም በመመሪያዬ አስገባሁት።

ለእኔ የደረሰችኝ ወይዘሮ ሸፊቃ ናት፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ላንግሊ ፓርክ የምትኖር፣ ሕፃናት መዋያ የምትሠራ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ጋሼ ገብረየስ፣ የደሴ ሰው አደራ ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችብኝ። ባለቤቷ ጀላልዲን የአውቶቡስ ነጂ ነበር፤ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በየማለዳው ሥራው ሲደርስ በስልክ ድምፁን ይልክላት ነበር፤ ሰማዩ ምን እንደሚመስል፣ ማታ ምን ገዝቶ እንደሚመጣ። ሸፊቃ አርባ አንዱን አስቀምጣለች። ወደ ትምህርቱ ያመጣትም ይኸው ነው፤ ስልኳ አርጅቷል፣ ድምፁ አብሮ እንዳይሞት ፈርታ ነው።

ሁሉንም በኮምፒውተሯ ላይ ካሳረፈች በኋላ፣ ስልኬ ሞልቷል፣ ከዚህ ላጥፋቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ግልባጩ እኔ ዘንድ አለ፣ አትስጊ አልኋት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፣ እንግዳወርቅ፤ እሷም አምናኝ አጠፋቻቸው።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከሸፊቃ በላይ ካለው አፓርታማ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው በመደርደሪያዋ ላይ ወረደ። ኮምፒውተሯም አልነሳ አለ፤ በውስጡ የነበረውም አብሮት ጠፋ። ደውላ፣ ጋሼ አደራዬን ስትለኝ ድምፄን ሞላ አድርጌ፣ አሁኑኑ ብዬ የእሷን ማኅደር ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትሁ። አንድ ድምፅ ብቻ አለ። የትምህርቱ ዕለት ለሙከራ በእጃችን የላክነው።

በማግሥቱ መሰረት መጥታ መመሪያዬን አገላበጠችና ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ሰዓቱን ሲጠይቅዎ 8 ብለው ይሙሉ» ይላል። ማሽኑ ግን በኛ አቆጣጠር አይቆጥርም። ለእሱ ስምንት ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ እኛ ከሌሊቱ ስምንት የምንለውን እሱ 2 ነው የሚለው። ሸፊቃ ደግሞ እሳት እንዳይነሳ ብላ በየቀኑ ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ገመድ ሁሉ ነቅላ ነው ከቤት የምትወጣ። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ የተላከ ነገር አልነበረም። መሰረት ፊቴን አይታ፣ ጋሼ፣ እኔም አንብቤ አሳልፌዋለሁ፣ ደግሞ እርስዎ ከፍተው ቢያዩት ኖሮ በሁለተኛው ቀን እናውቅ ነበር አለችኝ። አልከፈትሁትማ። እናታችን ጎረቤት በአደራ ያስቀመጠውን ሣጥን አቧራውን እንኳ ስትጠርግ ፊቷን ታዞር አልነበር? የሰው አደራ አይነካም ብዬ፣ ባዶ ሣጥን በክብር ስጠብቅ ከረምሁ።

ላንግሊ ፓርክ በአውቶቡስ ሄጄ ራሴ ነገርኋት። ብትጮህብኝ በቀለለኝ ነበር። እስቲ ያችን የተረፈችውን ያሰሙኝ አለች። አሰማኋት። አሥራ አንድ ሰከንድ ናት፦ «ሸፊቃ፣ ጃንጥላውን በሩ ጋ ትቼልሻለሁ፣ ዛሬ ይዘንባል። እኔ ደርሻለሁ።»

ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች። ጋሼ፣ ይቺን ለሙከራ የመረጥኋት ብትጠፋ አይቆጨኝም ብዬ ነበር አለችኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት ዝናቡ ይወርድ ነበር፤ ከፊት መሪውን የያዘውን ሰው በጀርባው ሳየው፣ የማላውቀው ጀላልዲን ይመስለኝ ጀመር፤ ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ አልፌ ወረድሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሸፊቃ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ያገለገለ ኮምፒውተር በፌስታል ይዛ መጣች፤ አጠገቤም ተቀመጠች። በመመሪያው ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ፣ «የተቀበላችሁትን አደራ በየሳምንቱ ክፈቱ» የሚል መስመር ጨምሬ ነበር። አነበበችና፣ አሁን ገና ሰው ሆነ አለች። ቀጥላም፣ ሦስተኛ ግልባጭ እፈልጋለሁ፣ የዚህ አገር ቧንቧ የማይደርስበት ቦታ፣ ደሴ እህት አለኝ ይሉ አልነበር አለችኝ።

ስለዚህ ልለምንሽ ነው የጻፍሁ። አብሮኝ የሚማረው የአስፐን ሂሉ ሲራክ በሰኔ ወደዚያ ሲመጣ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ያደርስሻል። ሰሊና መመሪያዬን እያየች ታስነሳት፤ የቸገራት ነገር ካለ ትደውልልኝ። መብራት ቢጠፋ አትደንግጪ፣ ሲመጣ ራሷ ትነሳለች፤ ብቻ አትንቀዪብኝ። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ሲሆን አንቺ ዘንድ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጉሙ ከጦሳ የሚነሳበት። የአንድ ሰው ድምፅ ባሕሩን ተሻግሮ በዚያ ጉም ውስጥ ሲገባ አስቢው፤ እኔ ሳስበው እውል ጀመር። በየሳምንቱም ክፈችና ስሚው። ነውር አይደለም፤ አደራው መስማቱ ነው። አርባው በእጄ ጠፍቷል፤ «ደርሻለሁ» የሚለው ግን የወሎን ምድር ይርገጥ።

አቶ መርዕድን አክብሬ እጅ ነስቻለሁ በያቸው። ሰሊናን ዓይኗን ሳሚልኝ። ማሙሽን፣ አጎትህ በስተርጅና ተማሪ ሆኗል፣ አንተም መጽሐፍህን አትጣል ይልሃል በይው። ሮሆቦት ከሐረር ስትመጣ ናፍቆቴን አድርሺልኝ፤ ግድግዳ ተጋሪሽን እሜቴ ዓሪፋንም እንዴት አሉ በይልኝ። አንቺን ግን በወረቀት መሳም አይበቃኝም።

ወንድምሽ ገብረየስ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ላንግሊ ፓርክ፣ ለወይዘሮ ሸፊቃ። ከፍተሽ ታይው ዘንድ።