ታጥባ የመጣችው መኪና

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ቦሼ፣ ሆሳዕና።

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ማታ ማታ የሚይዝዎት ትኩሳት ለቀቀዎት ወይስ አሁንም አለ? የእማዬ ወገብስ ተሻላት? እኔ ልጅዎ አቢጊያ ከናፍቆታችሁ በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ «ደህና ነኝ» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው ዛሬ ወረቀት ያነሳሁት።

«ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን ትሠራለች?» ብለውኝ ነበር፤ እንግዲህ ይስሙኝ። መምህርት ፈቲያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ መኪና አላት። ሐሙስ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ስትሄድ፣ ዳገቱ ላይ የባትሪው ሙቀት መብራት ይበራባታል። የጋራዡ ባለቤት ሻንቆ «ባትሪው ሞቷል፣ ይቀየር» አለ። ይህ ባትሪ ደግሞ እዚህ አገር እንደ ጎማ ተፈልጎ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ መኪናዋን ልታቆማት ነው። እኔ አልሞተም ብዬ ተከራከርኩ።

መኪናዋ የመዘገበችውን ሙቀት በኮምፒውተር አየሁት። ባትሪው ውስጥ ያሉት ሦስቱም የሙቀት መለኪያዎች አብረው ነው ከፍ ያሉት። አንዱ ብቻ ቢሞቅ የታመመ ክፍል አለ ይባላል፤ ሁሉም ከሞቁ ግን የጎደለው ነፋስ ነው። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውን ፋን ፈትቼ አቧራውን አራገፍኩ፤ ጂንካ ውስጥ ስነዳት ምንም የለባትም። ኮራሁና አስረከብኳት። ሐሙስ እንደገና በራ። ደግሜ ፈታሁ፣ ደግሞ በራ። ሻንቆ «ሦስተኛ ከተመለሰች ወደ ጎማ ሥራሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። አለቀስኩ፣ አልዋሽዎትም። ግን እኔም እንደ እርስዎ ችኮ ነኝ።

በዚህ ሐሙስ አብሬያት ልሄድ በጠዋት ቤቷ ደረስኩ። የኋላ ወንበሩ ከጥግ እስከ ጥግ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሷል፤ የገበያው ዕቃ እንዳያቆሽሸው ነው። ባትሪው የሚተነፍሰው ደግሞ እዚያው ወንበሩ ጎን ባለች ወንፊት ነው፤ አፍኗታል። ጋራዥ ስታመጣት ይህ የት እንደነበር ብጠይቃት «ውይ፣ ሰው ፊት ቆሻሻ መኪና ይዤ ልቅረብ? ሁሌም እሱን አውጥቼ፣ አሳጥቤ ነው የማመጣልሽ» አለች። ብርድ ልብሱን አጥፌ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድን፤ መብራቱ አልበራም። ስንመለስ ሆን ብዬ አለበስኩት፤ ሙቀቱ ወጣ። አነሳሁት፤ ወረደ። ሻንቆ ይህን ሰምቶ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን እኔ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

አባባ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ወንድሜ እዮብ ሁሉንም ነግሮኛል። ሐኪም ቤት የሚሄዱት ገላዎን ታጥበው፣ የእሑድ ኮትዎን ለብሰው፣ ማስታገሻ ውጠው ነው አሉ። ሐኪሙ ሲለካዎት ትኩሳት የለም፤ ሲጠይቅዎት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ታዲያ ምኑን ያግኝልዎት? ከሻንቆ አራት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ማክሰኞ እገባለሁ። ትኩሳቱ ሲነሳ፣ በለበሱት ልብስ፣ እኔው ይዤዎት እሄዳለሁ። ቢቆጡኝም አልሰማም።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ትንሿን እህቴን የአብሥራን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ሰገነት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እዮብንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ማስታገሻውን እስክመጣ እሱ ይደብቀው።

ልጅዎ አቢጊያ ቦሼ
ጂንካ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.