ከድልድዩ ማዶ ያለችው እናታችን

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለኖኤሚ፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው ወይስ አሁንም ሲጋራውን ከጓሮ ተደብቆ ያጨሳል? ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ? እዚያ ሮዛሪዮ አሁን ፀደይ ነው መሰለኝ፤ እኛን ግን ጭጋጉ ጀምሮናል። እኔ ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ። ምላሴም እንደ ድሮው ነውና በዚህ በኩል አትስጊ።

አሁን ቁጭ በይና አንብቢ። ሜስትሬ ሄድኩ።

አዎ፣ እኔው ራሴ፣ ከውሃ ላይ ከተማችን ድልድዩን ተሻግሬ ወደ የብሱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ያቺን ከተማ በእግሬ አልረግጣትም» ስል የኖርኩት፣ ባቡር ውስጥ እንኳ ሆኜ ሳልፍባት ፊቴን ወደ ባሕሩ የማዞረው። ነገሩን ከእኔም ከወንድማችን ከቱሊዮም ደብዳቤ ሰምተሽዋል፤ ሁለታችንም ለየራሳችን ስላደላን እውነቱን አንዴ በትክክል ልንገርሽ። ያን ዓመት ባሕሩ ሞልቶ ጎርፉ ቤታችን ሲገባ የእናታችን ዕቃ በሙሉ በሰበሰ። ወንድማችን አንዷን ፎቶዋን ብቻ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየሄደ አወጣት። በወሩ ሜስትሬ ቤት ተከራየና ፎቶውን ይዞ ሄደ። «እናቴን ሁለተኛ ውሃ አላስነካትም» አለ። እኔ ደግሞ ወደ ቤቷ ካልመለስካት ደጅህን አልረግጥም አልኩ። ግልባጭ ላሠራልሽ ቢለኝ፣ ግልባጭ ለመታወቂያ ነው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ እሱ በየእሁዱ በአውቶቡስ ድልድዩን እየተሻገረ መጥቶ ምሳ ይበላል፣ ስለ ፎቶው ግን ትንፍሽ አይልም። እኔም አልጠይቅም። የሁለታችንን ግትርነት አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አርጀንቲና ድረስ የሸሸሽው ከእሱ ይሆናል። ግን ልንገርሽ ኖኤሚዬ፣ እኔ የእናታችን ፊት እየጠፋብኝ ነበር። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሽርጧ ይመጣል፣ እጇ ይመጣል፣ ፊቷ ግን እምቢ ይለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሴፕቴምበር ላይ ቱሊዮ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጣ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ የእናንተን ባለ ደረጃ ድልድዮች መውጣት አልችልም። ካልመጣሽ የምንገናኘው ሳን ሚኬሌ መቃብር ነው። እዚያም ጎን ለጎን ተኝተን መኮራረፋችን አይቀርም» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ባቡሩ አሥር ደቂቃ ፈጀ። ሠላሳ ዓመት አሻፈረኝ ያልኩት መንገድ ይኸው ነው። ከጣቢያው ወጥቼ መኪና እንደማያውቀው ሰፈሬ የመንገዱን መሀል መሀሉን ስሄድ ከኋላዬ አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ በራሳችን አነጋገር፣ «እማማ፣ ከወዲያ ማዶ ነዎት መሰለኝ። እዚህ መሀሉ የእኛ ነው፤ የእርስዎ ዳር ዳሩ ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ። ዳር ዳሩን ብይዝም ዓይኔ አላርፍ አለ። የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ቅርጫቷን በሽንኩርት ሞልታ ብስክሌት ትነዳለች። አማተብኩ። ዛፉ ብዛቱ! ደግሞ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ እግር እንዲሁ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

ገበያው ጋ ስደርስ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰፈራችን በሙሉ እዚያ አለ! የዓሣ ሻጩ ልጅ ዮሌ፣ ጀልባ ሠሪው፣ ከላያችን ይኖሩ የነበሩት መንትዮች፣ አርጅተዋል እንጂ እነሱው ናቸው፤ በዚያው አፍ ይሰዳደባሉ፣ ይከራከራሉ። ዮሌ ከሩቅ አይታኝ «ምነው ዘገየሽ፣ ጀልባው ጭቃ ይዞት ነው?» አለችኝ። እኛ ጋ እኮ የወተት መሸጫው ዛሬ ለቱሪስት ጭምብል ይሸጣል፤ ጠዋት ስወጣ የሚያገኘኝ ሰው ሰላም በማለት ፋንታ አደባባዩ የት ነው ይለኛል። እኔ ለካ ድንጋዩን ስጠብቅ የኖርኩት ሰዉ ወዲህ ተሻግሮ ነው። ሜስትሬ ነፍስ የላትም እያልኩ ስንቱን ሰው እንዳስቀየምኩ አስቤ አፈርኩ።

ቱሊዮ በክራንች ቆሞ በሩን ከፈተልኝ። ቤቱ ምድር ቤት ነው። ምን ባይ ጥሩ ነው? የዱቄቱ ከረጢት ወለሉ ላይ፣ ጫማው ወለሉ ላይ፣ የሱፍ ብርድ ልብሱ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ! እኛ ጋ ይህ ሁሉ ጎርፍ ተፈርቶ ከላይ ነው የሚቀመጠው። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ በመንገዱ አንድ የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ፣ የእኛ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ውሃው መጣ ብዬ ዱቄቱን ከጠረጴዛው ላይ፣ ጫማውን ከአልጋው ላይ መቆለል ጀመርኩ። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ይስቃል። የቁም ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ከነዕቃው መዝዤ ሳነሣ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ እናታችን እዚያ ነበረች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ኖኤሚ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ ደረቅ እንደሆነች። ከወደቡ ዳር ቅርጫት ይዛ ቆማለች፣ ፀሐዩ ዓይኗን አጥብቧታል። አንዱ ጥግ ብቻ በዚያ ጎርፍ ወይቧል። አፍንጫዋ ያንቺ ነው። እንዴት ወጣት ነበረች! ልጄ ልትሆን ትችላለች። አለቀስኩ፤ እሱም ሳቁን ተወና አብሮኝ አለቀሰ።

ምሳ በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሰርዲን ከበቆሎ ገንፎ ጋር በላን። ጨው በዝቶበታል፣ ነግሬዋለሁ። ልሄድ ስነሣ ፎቶውን በጨርቁ ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። «ውሰጂያት። አንቺ አሸነፍሽ። እኔ ከእንግዲህ ጎርፍ ቢመጣ ተሸክሜያት መሮጥ አልችልም» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይኸው ነበር። እስከ በሩ ሄድኩ። ዞር ስል ቦርሳዬን ላለማየት ወደ መስኮቱ ይመለከታል።

ተመለስኩና መሳቢያውን ከፍቼ ከቦታዋ አስቀመጥኳት። «እዚሁ ትሁን። የምመጣው እኔ ነኝ» አልኩት።

መሳቢያውን በክራንቹ ጫፍ ገፋ አድርጎ ዘጋና «እንግዲያው ረቡዕ ረቡዕ ዓሣው ጥሩ ነው» አለ።

ይህን የምጽፍልሽ በእሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ዛሬ አራተኛ ረቡዬ ነው። ለባለቤትሽ፣ ለማርሴሎና ለሚስቱ፣ ለአልባ፣ ለትንንሾቹም በየስማቸው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ቱሊዮም ከምድጃው ጋ ሆኖ ሳሚልኝ ይላል፤ ጨዉንም ቀንሷል።

ሁልጊዜም የምትወድሽ እህትሽ
ኤርሲሊያ

ሜስትሬ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1996