ድንበር ላይ የቀረችው ጅብራ

ልጄ ሐረግ፣ ያገርሽ ታቦት በሰው አገር ይከተልሽ፤ የሠራሽበትን ያለ እንባ ያብላሽ። እንዴት ከረምሽ? እኛ፣ ከጉልበቴ በቀር፣ ደህና ነን።

አንቺ በላክሽው የገዛነው በሬ ጠንክሯል። የታቹ ማሳ አፈሩ አልቆ አላበላን ስላለ፣ ወንድምሽ ዋለ ከዳልቻው በሬያችን ጋር ጠምዶት ወደ ተራራው ወጣ። የአስታውን ጫካ አቃጥሎ፣ ጅብራውን ነቅሎ ገብስ ዘራ። ጎረቤቱም ተከተለው። ከሥር ያለው ምንጭ ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት ደረቀ።

ለድንበር ምልክት ብለው አንዲት ጅብራ ብቻ ተዉ፤ ልጅ ሆነሽ ቁመትሽን የምትለኪባትን። እሷም ዘንድሮ አበበች። ጅብራ ስንት ዘመን ቆይታ አንዴ ብቻ አብባ እንደምትሞት ታውቂያለሽ። ዘሯ ሲረግፍ ቆሜ አየሁ፤ ዙሪያዋ እርሻ ነው፣ ቢበቅልም ማረሻ ይገለብጠዋል። ጥቂቱን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። ያልታረሰ ቦታ ፍለጋ ብወጣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

ዋለ ከዚያም በላይ ወጥቼ ልረስ ብሎ ሌላ በሬ ጨምሪልኝ ሊልሽ ነው። እባክሽ ልጄ፣ የለኝም በይው። እመብርሃን በደህና ታግባሽ። እናቴ ከለከለችኝ ብቻ እንዳትይው፤ ገብሱን እኔም እየበላሁ ነው።

እናትሽ ይርገዱ