የዱራው ባቡርና የማንደፍሮ ፉከራ

ሰኞ

አላጠፋውም። ነገ እታለም ስትጨቀጭቀኝ ልቤ እንዳይራራ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።

ትናንት የለቀቅኩት ቪዲዮ እስከ ዛሬ ከለቀቅኳቸው ሁሉ በለጠ። ዱራ፣ ሱዳኖች ማሽላን የሚሉት፣ የጫነው ባቡር እዚህ ከገዳሪፍ ጣቢያ ሲወጣ ነው። የባቡሩ ራስ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ፉርጎዎቹ እየተንገጫገጩ፣ የመጨረሻው ፉርጎ በሩ በሽቦ ታስሮ። ሣር ወርሶት በነበረ ሐዲድ ላይ ባቡር ማየት ለኔ ብርቅ ነው። ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። የምሠራው ጣቢያው አጠገብ ካለ የሰሊጥ መጋዘን ስለሆነ ግን አያመልጠኝም። ጡሩምባውን ስሰማ ወንፊቴን ጥዬ እሮጣለሁ። የመጋዘኑ ወኪልም ለምዶኛል፤ ድሮ ይቆጣ ነበር፣ አሁን ይስቃል።

በዚህኛው ላይ የማንደፍሮን ፉከራ ጨመርኩበት። ማንደፍሮ በእናቴ በኩል ዘመዴ ነው፤ ለአጨዳ በየዓመቱ ከአርማጭሆ ይመጣል። ፋሽጋ፣ ድንበሩ ላይ ካለው እርሻ፣ አጫጆቹ ይሽቀዳደማሉ። ድርሻውን ቀድሞ የጨረሰው ማጭዱን ሽቅብ አንሥቶ ይፎክራል፣ ኋላ የቀረውን ይዘልፋል። የመጋዘኑ መኪና ጭነት ሊያመጣ ሲሄድ ተሳፍሬ ሄጄ ድምፁን በስልኬ ቀዳሁት። ከባቡሩ ጋር እንዴት እንደገጠመ! ፉርጎው ይንገጫገጫል፣ እሱ ያቅራራል።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ናት፤ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። አይታው ፊቷ ጠቆረ። ባቡር ስትቀርጽ የምትውል ሴት የት አይተሻል አለችኝ። መስታወት ውስጥ አልኳት።

ማክሰኞ

አንድ የማላውቀው ሰው ቪዲዮዬን ወስዶ በአረብኛ ጽፎበታል፦ ሐበሾች በእህላችን ባቡር ላይ የጦርነት ዘፈናቸውን ይዘፍናሉ። እንግዲህ ጉድ ፈላ። ስድብ ብቻ። ሰላይ ያለኝ አለ። ሁለቱ አገሮች በሚጣሉበት በፋሽጋ መሬት የተነሣ የስንቱ ሆድ ሻክሮ፣ ጦርነቱም አገሩን ሁሉ አስበርግጎት፣ እኔ ፉከራ ከባቡር ጋር አጣመርኩ። ለኛ ፉከራ የሥራ ነው፣ የሠርግ ነው፣ የጨዋታ ነው። ለማያውቀው ሰው እንዴት እንደሚሰማ አንዴም አላሰብኩም። ይህ የኔ ስሕተት ነው፣ አልክድም።

ግን ሰላይ አይደለሁም። ሕግ አለኝ፦

የሰው ፊት አልቀርጽም።
ወታደር ካለ ስልኬን አላወጣም።
ድልድይ አልቀርጽም።
ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ አልናገርም።

እታለም አጥፊውና እንተኛ ትላለች። ለአንድ ቀን ሾዋክ ከተማ አክስታችን ጋ ሂጂ፣ ነገሩ ይብረድ ትላለች። ካጠፋሁት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ከሸሸሁ ደግሞ ባሰ። አልሄድም።

ማታ ምግብ አልበላንም፤ ሁለታችንም ኩርፊያ ላይ ነን።

ረቡዕ

ዛሬ የሆነው ከስድቡ ሁሉ የከፋ ነው። ጸጥታዎች አም እድሪስን ከሥራ አገዱት። የጣቢያው ዘበኛ ነው፣ ሽማግሌ፤ አም የምለው አጎቴ ለማለት ነው። የጥበቃ ጎጆው ጥላ ሥር ቆሜ እንድቀርጽ የፈቀደልኝ እሱ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ውሃ ይሰጠኝ ነበር። ቪዲዮው ላይ የጎጆው ጥግ ይታያል፤ አይተው አወቁት። ሐበሻዋን ማን አስገባት ብለው ጠየቁት። ስሜን አልተናገረም።

ይህን የነገረኝ ወኪሉ ነው፣ ሳይስቅ። ሰሊጡን ማበጠር አቃተኝ። እኔ የምኮራበትን ነገር ሰውዬው በእንጀራው ሊከፍልበት ነው። ተናደድኩ፣ አፈርኩም። በየትኛው እንዳለቀስኩ አላውቅም።

ማንደፍሮ የሰሊጥ አጨዳውን ጨርሶ ከተማ ገብቷል፤ የዱራ ቆረጣ እስኪጀምር ነው የሚጠብቀው። ሄጄ ነገርኩት። እሱ መታወቂያም የለው። ዝም ብሎ ሰማኝና «ድምፁ የኔ አይደል? ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። አይሆንም ብለው እሺ አላለኝም። ለእታለም አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ሄድን። አም እድሪስን ወደጠየቁት የጸጥታ ቢሮ።

መኮንኑ ወጣት ነው፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ። ሳልጠራ መምጣቴ ግራ አጋባው መሰለኝ። ባቡሩን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ሽማግሌው ምንም አያውቅም አልኩት በአረብኛ። ቪዲዮውን ከፈተ። ሰውየው ምን እያለ ነው አለኝ። ተረጎምኩለት፦ እኔ ድርሻዬን ጨረስኩ፣ አንተ ገና እንቅልፍህን ትጨርሳለህ ነው የሚለው። አላመነኝም። ወደ ማንደፍሮ ዞሮ እስቲ አሁን በለው አለው።

ማንደፍሮ ቁጭ ብሎ አይፎከርም አለ። ያንንም ተረጎምኩ። ቁም ተባለ። ባዶ እጄንማ እንዴት አድርጌ አለ። ጥግ ላይ መጥረጊያ ነበር፣ እሱን አነሣና ጀመረ። ከቢሮው ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ ጎንበስ ብሎ እያጨደ፣ ቀና ብሎ እየዛተ። የዛተው በቢሮው ጸሐፊ ላይ ነበር፣ ምስኪን ወረቀቱን አቅፎ ቀረ።

በሩ ላይ አንድ ሸምገል ያለ ፖሊስ ቆሞ ነበር። እሱ ሳቀ። የወንድሙ እርሻ ላይ በየዓመቱ የሚሰማው እንደሆነ ለመኮንኑ ነገረው። «ይኼ የማጭድ ነው ጀናቡ፣ የጠመንጃ አይደለም» አለ፤ ጀናቡ የሚሉት አለቃን ነው።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። መኮንኑ ግን አልሳቀም። የባቡር ቪዲዮ በሙሉ አጥፊ፣ ሁለተኛም እንዳትቀርጪ አለኝ።

«ሰው ያስፈራው ፉከራው ከሆነ ትርጉሙን በአረብኛ እጽፍበታለሁ» አልኩት። «ሌሎቹ ቪዲዮዎች ግን ምን አደረጉ? የኔን ከኔ ጠይቅ፣ አም እድሪስን ግን ወደ ሥራው መልሰው።»

ስልኬን መሳቢያው ውስጥ አስገብቶ ቆለፈ፣ ቅዳሜ ነይ አለ። ማንደፍሮን በሁለት ቀን ውስጥ ወደ አገሩ እንዲገባ አዘዘው። የዱራ ቆረጣው ቀረበት ማለት ነው። ውጭ ስንወጣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እንኳንም መጥረጊያ አገኘሁ አለኝ። ሳቅን፣ እኔ ግን ውስጤ አልሳቀም።

ዓርብ

ትናንት ማታ ለእታለም ሁሉን ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ተነሥታ የማንደፍሮን ስንቅ ማሰናዳት ጀመረች። ጠዋት ማንደፍሮን ለመተማ መኪና ሸኘነው። ስንቁን አስያዘችው፣ ግንባሩን ሳመችው።

ስንመለስ ጡሩምባው ተሰማ። ዓርብ ነው፣ መጋዘኑ ዝግ ነው፣ ገበያው ጭር ብሏል። እግሬ ሳላዘው ወደዚያው ዞረ። እጄ ኪሴ ገባ፣ ኪሴ ባዶ። እንደ ሞኝ መንገድ መሐል ቆምኩ።

እታለም የራሷን ስልክ አወጣች። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በዘይት እጇ የወዛ። ሰጠችኝ። ተቀበልኳትና ሮጥኩ። ከኋላዬ ነጠላዋን አጥብቃ እየሮጠች መጣች።

ወደ ጎጆው አልተጠጋሁም። ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ የሁሉም ሰው መንገድ ላይ ቆምኩ። ባዶ ፉርጎ እየጎተተ ገባ፣ በዝግታ፣ የደከመ በሬ ይመስል። እስኪቆም ቀረጽኩት።

ቅዳሜ

ስልኬን መለሱልኝ። ባዶ ነው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የእናቴ ድምፅ ሳይቀር ጠርገውታል። ያልለቀቅኳቸው ነበሩበት፣ ዝናብ ውስጥ የገባው ባቡር፣ መጀመሪያ ያየሁት ባቡር። እነሱ ሄዱ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም። የተለቀቁት ግን አሉ። ገጹ አለ። እነሱ ስልኩን እንጂ እኔን አልጠረጉም።

ዳግመኛ ባይሽ ወዮልሽ አለኝ መኮንኑ። ከአጥሩ ውጭ ታየኛለህ አልኩት። በእጁ በሩን አሳየኝ።

አም እድሪስ ሥራው ላይ ነው። ከሩቅ ሰላም አልኩት፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። እውነቱን ነው። አልፈርድበትም፣ ግን አመመኝ።

ቤት ገብቼ የዓርቡን ቪዲዮ ከእታለም ስልክ ወሰድኩ። መጀመሪያ የሚሰማው የሷ ትንፋሽ ነው፣ ስትሮጥ የመጣችበት። ከዚያ «ስንዱ፣ ተይ እንመለስ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግማ «ስንዱዬ፣ ሰው ያየናል» ትላለች። ከዚያ የባቡሩ ራስ ብቅ ሲል፣ ስፈራት የኖርኩት እህቴ «ይኸው መጣ! ያዥው፣ ያዥው፣ እንዳያመልጥሽ!» ትላለች።

ድምፁን ልቁረጠው ወይ አልኳት፣ እንዳይታወቅባት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል «ለምን ትቆርጪዋለሽ» አለችኝ።

ለቀቅኩት። ሰኞ ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አላውቅም።